ቅጠሉ የራሱን ሰው ያውቃል

ስቲል ክሪክ፣ ኬንታኪ
ቅዳሜ ጠዋት፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1983

ይድረስ ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

እማዬ፣ ደረትሽ እንዴት ሆነልሽ? አክስቴ ማቭሪን በላከችው ካርድ ላይ የአሪዞና ደረቅ አየር እንደተስማማሽ፣ ሌሊቱንም ሳትነሺ ተኝተሽ እንደምታድሪ ጽፋለች። እሷን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት። እኔ ደህና ነኝ። ላሟ ደህና ናት። ከበሩ አጠገብ የተከልሻት ጽጌረዳም ዘንድሮ ሁለት ጊዜ አብባለች።

ይህን የምጽፍልሽ ማእድ ቤት፣ መስኮቱ ስር ተቀምጬ ነው። ፖስተኛው ከምሳ በፊት ያልፋል። ከዚያ በፊት ጨርሼ መንገዱ ዳር ያለው ሳጥን ውስጥ ልከተው እፈልጋለሁ። ስልክ መደወል ይሻል ነበር፤ ግን ስልክ ያለው አጎቴ ሆባርት ቤት ብቻ ነው፣ ሰው እየሰማኝ በስልክ ማውራት ደግሞ እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ። ባለፈው ስትደውዪ «አዎ» እና «እሺ» ብቻ ብዬሽ ዘጋሁት። ከዘጋሁት በኋላ ነው ሁሉም ነገር አፌ ላይ የመጣው።

ዛሬ የምነግርሽ አባዬ እንዳትነግሪያት ያለኝን ነው።

አባዬ ሲጋራ አቁሟል።

ከፋሲካ ወዲህ አንድም አልነካም። «የመጨረሻው የትምባሆ ዘንግ ማድረቂያው ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ባለቀ ማግስት እኔው ራሴ ሄጄ እናትሽን አመጣታለሁ። አክስትሽ በር ላይ ቆማ ታሸተኝ። ያኔ ትወቅ» ነው ያለኝ። በዚያ በበረዶው ጊዜ ትንፋሽሽ አጥሮ፣ ከንፈርሽ ጠቁሮ ስትሄጂ «ኤልዊን፣ ወይ እኔን ወይ ጭሱን» ስትዪው ሰምቻለሁ። የወሰደሽ ፒካፕ መታጠፊያውን እስኪያልፍ ቆሞ አየና ሲጋራ ለኮሰ። አንቺ ያየሽው እስከዚያ ድረስ ያለውን ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ግን እኔ ነኝ ያየሁት፤ ስለዚህ እኔ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ክፉ ነበር። ውሻው እንኳ ከበረንዳው ስር አልወጣ አለ። አንድ ቀን ወንበሩ ተንገጫገጨ ብሎ አንስቶ ጓሮ ወረወረው። ሲመሽ ደግሞ ራሱ ሄዶ አመጣና ጠገነው። እጁ የሚይዘው ሲያጣ እንጨት መቅረጽ ያዘ። አሁን በየመስኮቱ ላይ ማንም የማይበላባቸው የእንጨት ማንኪያዎች ተደርድረዋል። ስትመጪ እንዳትስቂበት።

ከዚያ ሳሉ ባሰበት። ይቀልለዋል ስል እየባሰበት ሲሄድ ፈራሁ። ወይዘሮ ዩላሊ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጎራ ብለው ሲያስለው ሰሙና «አይዞሽ ልጄ፣ ጭስ ማውጫ ሲጠረግ ጥላሸቱ ይወርዳል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጥቁር ጥቁሩን ሲተፋ ሰነበተና ቀለል አለው። ያ ሌሊት ሌሊት ደረቱ ውስጥ ያፏጭ የነበረው ነገር ጠፋ። ከልጅነቴ ጀምሮ እሱን እየሰማሁ ስለምተኛ የጠፋ ዕለት ደንግጬ ነቃሁ። ሄጄ በሩ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። እንደ ሕፃን ልጅ ነበር የሚተነፍሰው።

እጁም ሞቀ። ያ እንደ በር እጀታ የሚቀዘቅዝ እጁ ሞቀ። የማድረቂያ ቤቱን ወራጅ ሲወጣ እንደ በፊቱ መሀል ላይ ቆሞ አያርፍም፤ ጣሪያው ስር ደርሶ ከላይ ያፏጭልኛል፣ በአፉ ማለቴ ነው። አንድ ምሳ ላይ ደግሞ ባቄላውን ቀምሶ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ዊላዲን፣ ባሕር ውስጥ ነው እንዴ የቀቀልሽው?»

«አንተ እኮ ነህ እንደዚህ የምትወደው፣ አባዬ።»

«እኔ? እኔማ ምላስ አልነበረኝም።»

ቀጥሎ አፍንጫው መጣ። ምድጃው ጀርባ የሞተች አይጥ እኔን ሳትሸተኝ እሱ ከበረንዳ ላይ አሸተታት። አንድ ቀን ደግሞ እንቁላል ለቅሜ ስገባ የመኝታ ቤቱ ቁም ሳጥን ተከፍቷል፤ አባዬ ሰማያዊ ካፖርትሽን በሁለት እጁ ይዞ ፊቱን ቀብሮበታል። ኮቴዬን ሰማ፣ ግን አልለቀቀውም። «ይኼን ሁሉ ዓመት እንዲህ ትሸት ነበር?» አለኝ። «አዎ» አልኩት።

ግድግዳውን በሆምጣጤ አጥበነዋል። የወረደው ውሃ ቡናማ ነበር። ከየፎቶው ጀርባ ያለው ቦታ ብቻ ነጭ ሆኖ ቆይቶ ነበር፤ አሁን ሁሉም ነጭ ነው። ቤቱ ለአንቺ ተዘጋጅቷል፣ እማዬ።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ቀና ስል በመስኮቱ ከመንገዱ ማዶ እርሻችን ይታየኛል። ትምባሆው ዘንድሮ የሰው ቁመት ያህል ስለሆነ የሚታየኝ ባርኔጣ ብቻ ነው። ሦስት ባርኔጣ አለ። የአጎቴ ሆባርት ጥቁሩ፣ ሊያግዝ የመጣው የጎረቤታችን የላስተር ቆብ፣ የአባዬ ደግሞ አንቺ ነጭ ጥብጣብ የሰፋሽበት።

ሕመሙ በኦገስት አጋማሽ ነው የጀመረው። አበባውን ስንቀነጥስ፣ ጎን ለጎን የሚያቆጠቁጠውን ቀንበጥ ስንነቅል ነበር። ገና በማለዳው ስለገባን ጤዛው እንዳለ ነው፤ እጅጌያችን እስከ ክንዳችን ራሰ። ፀሐይ ከፍ ስትል አባዬ መስመሩ መሀል ቆመ። ፊቱ እንደተቦካ ዱቄት ነጥቷል። ተንበርክኮ አስመለሰው፤ የሚወጣ ነገር ካለቀ በኋላም አልተወውም። ላቡ ቀዝቃዛ ነበር።

አጎቴ ሆባርት ከማዶ እየሮጠ መጣ። እኔን ገፋ አድርጎ አባዬን ከብብቱ ስር ይዞ አነሳው።

«አየህ? ገላህ እየፈለገው ነው። አንዲት ሳብ አድርግ፣ አሁን ይለቅሃል።»

«ተወኝ ሆባርት።»

«ያባታችንን ረሳኸው? ሰባኪው መክሮት በስተርጅና አቆመ፤ በረዶው ሳይቀልጥ ቀበርነው። ገላ የለመደውን ሲነጥቁት ይቀየማል።»

«ቃል ገብቻለሁ።»

«ለማን?»

አባዬ እኔን አየኝ።

አጎቴ ሆባርት ክፉ ሰው አይደለም። ያን ዕለት አንዲት ሲጋራ ለመለኮስ ሦስት ክብሪት ሲያባክን አይቻለሁ። ወንድሙ የሚሞትበት መስሎታል። አገሩ ሁሉ እንደሱ ነው የሚያስበው። ባለፈው እሑድ ወንዶቹ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው «ኤልዊን ማቆሙ ሊገድለው ነው» ሲባባሉ ሰማሁ፤ ሁሉም እያጨሱ ነበር።

ሁለተኛው ባለፈው ረቡዕ ነው፤ መቁረጥ የጀመርን ዕለት። ሌሊቱን አካፍቶ ነበር። ላስተር አባዬን ደግፎ አምጥቶ በረንዳው ላይ አስቀመጠው። «ሸሚዙን አውልቂለት፣ የሆነች ነገር ይዛዋለች» ብሎኝ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሸሚዙ በውሃና በትምባሆው ሙጫ ደርቆ እንደ ቆዳ ገላው ላይ ተጣብቋል። አባዬ አቃተው እንጂ መነሳት ይፈልግ ነበር። የእጁን አንጓ ያዝኩት። ልቡ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ነበር፤ ይሮጥ ይሮጥና ይቆማል፣ የሆነ ድምፅ እንደሚያዳምጥ። ከዚያ ደግሞ ይሮጣል።

«ለእናትሽ እንዳትጽፊ» አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ያን ዕለት ሸሚዙን ሳጥብ ውሃው ግድግዳውን ስናጥብ እንደወረደው ውሃ ቡናማ ሆነ። ቆሜ አየሁት። ከዚያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ መጀመሪያ እርሻ የገባሁበት ቀን ትዝ አለኝ። ታስታውሺያለሽ? ጤዛ ላይ ገብቼ እያስመለሰኝ ተሸክመሽ አመጣሽኝ፤ ደረቅ ብስኩት ሰጥተሽ ጨለማ ክፍል ውስጥ አስተኛሽኝ። አጎቴ ሆባርት በመስኮት ብቅ ብሎ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ትምባሆ አጠመቀሽ!» አለኝ። አምና ደግሞ ያ ከሉዊቪል የመጣው የላስተር የእህት ልጅ፣ ገና ሁለት መስመር ሳይጨርስ ተዘርሮ ሰው ሁሉ ሲስቅበት ነበር። እዚህ አገር ያኔ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ። «ቅጠሉ የራሱን ሰው ያውቃል።»

እማዬ፣ እኔ ብዙ ማሰብ የምወደው ለብቻዬ ስሆን ነው። ሸሚዙን ይዤ ቆሜ ያሰብኩት ይህን ነው። ቅጠሉ ሲረጥብ በቆዳ በሚገባው መርዙ የሚይዘው ሕፃን፣ እንግዳና አዲስ ሰው ነው። የሚያጨስና የሚያኝክ ሰው ሲይዘው አይቼ አላውቅም፤ ገላው ከመርዙ ጋር ተላምዷል። አባዬ ግን እንደ ሕፃን መተንፈስ ጀምሯል። ምላሱ አዲስ ነው፣ አፍንጫው አዲስ ነው፣ ደሙም አዲስ ሆኗል መሰለኝ። የተሻለው ሁሉ ነው አሁን አሳልፎ የሚሰጠው። ትምባሆ ውስጥ ተወልዶ፣ ትምባሆ ሲተክል ኖሮ፣ አሁን ቅጠሉ አላወቀውም።

በዚያው ማታ ራት ላይ ልናገር ሞከርኩ። አጎቴ ሆባርትም ነበር።

«አባዬ፣ ቅጠሉ...» አልኩ።

«ምን አለች?» አለ አጎቴ ሆባርት። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«ቅጠሉ ዘንድሮ ሰፊ ነው» አልኩ።

«ሃሃ! ልጅቷ ገበሬ ወጥቷታል» ብሎ ሳቀ አጎቴ። የበቆሎ ዳቦውን አቀበልኩት።

አሁንም ሦስት ባርኔጣ አለ። ነጭ ጥብጣቡ ግን ከሌሎቹ ወደ ኋላ ቀርቷል።

ዛሬ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ንጋት ላይ አባራ። ከእያንዳንዱ ቅጠል ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። አጎቴ ሆባርት የፒካፑን ሞተር ሳያጠፋ ገባ፣ ላስተር ተከተለው።

«ሙሽራው ገና አልተነሳም?»

አባዬ ተነስቷል፤ ቁርሱን ግን አልነካውም። «እስኪደርቅ ብንጠብቅስ?» አለ።

«ሰማዩን አይተኸዋል? ከባሕሩ የመጣው አውሎ ነፋስ ነገ እዚህ ነው። ሁሉንም ጭቃ ላይ ያነጥፍልሃል። ዛሬ ያንተን፣ ሲያባራ የኔን። እንዲያ ነበር የተባባልነው።»

«እኔ እኮ ቀረሁ አላልኩም።»

«ትምባሆው እያለቀሰ ነው ኤልዊን» አለ ላስተር ከቅጠሉ የሚወርደውን ውሃ በአገጩ እያሳየ። «ጥሎኝ ሄደ እያለ ነው። ግባና አባብለው።»

እኔ ከትናንት ጀምሮ ሁለት የቆሻሻ ማስቀመጫ ላስቲክ ለአንገትና ለእጅ ቀድጄ አዘጋጅቼ ነበር። ከለበሰው ውሃው ገላውን አያገኘውም ብዬ ነው። ወንበር ላይ ከነበረበት አነሳሁት።

«አባዬ፣ ይቺን ደርባት።»

«ምንድን ነው ደግሞ ይሄ?» አለ አጎቴ ሆባርት። «አባትሽን ጠቅልለሽ ልትጥዪው ነው?»

ላስተር ሳቀ። አባዬም ፈገግ አለ፤ ላስቲኩን ከእጄ ተቀብሎ ቀስ አድርጎ ወንበሩ ላይ መለሰው። ጭንቅላቴን ነካ አደረገኝ። እጁ ቀዝቅዞ ነበር፣ እማዬ። እንደ ድሮው።

ሲወጡ አጎቴ ሆባርት ከፓኮው አንድ ሲጋራ አውጥቶ አባዬ ጆሮ ላይ ሰካለት። «ሲብስህ ታስታውሰኛለህ» አለው። አባዬ አውልቆ መስኮቱ ላይ ከማንኪያዎቹ አጠገብ አስቀመጠውና «ለአይጧ ዘመዶች ተዪላቸው» አለኝ። ከዚያ መቁረጫውን ይዞ መንገዱን ተሻገረ።

ሲጋራው እስከ ቅድም እዚህ ፊቴ ነበር። ስጽፍልሽ እሱን እያየሁ ነበር። አንድ ጊዜ፣ አልዋሽሽም፣ ወስጄ ልስጠው ብዬ ተነሳሁ። ቢያጨስ ቅጠሉ ያውቀው ይሆናል አልኩ። አንቺ ባትመጪም እሱ ይኖራል አልኩ። በሩ ጋ ስደርስ ወረቀቱ በጣቴ ተከፈተና ውስጡን አየሁት። ያው ቅጠል ነው። እኛ እዚያ ማዶ የምንቆርጠው፣ ሸሚዙ ላይ የተጣበቀው፣ ባልዲው ውስጥ የወረደው። አጎቴ ሆባርት መድኃኒት ብሎ የሚሰጠው አባዬን የያዘውን ያንኑ ነገር ነው። መርዝ የገባበትን ሰው በዚያው መርዝ ላይ ምን ይጨምሩለታል? ምድጃው ውስጥ ጣልኩት። እዚህ ቤት ውስጥ የሲጋራ ጭስ ያሸተትኩት ከፋሲካ ወዲህ ዛሬ ገና ነው። ለአንቺ ብዬ መስኮቶቹን ሁሉ ከፈትኩ።

መስኮቶቹ ስለተከፈቱ አሁን ድምፃቸው ይሰማኛል። ላስተር ሲዘፍን ነበር፤ አቁሟል። አገዳው ሲቆረጥ የሚሰማው ቋ፣ ቋ የሚለው ድምፅ ሦስት ነበር፤ ተራ በተራ። አሁን ይዘገያል። ልለየው አልቻልኩም።

እማዬ፣ ይህ ደብዳቤ እስኪደርስሽ የዛሬው ነገር አልፎ ይሆናል። ይህን አውቃለሁ። እያወቅኩ ለምን እንደምጽፍ አላውቅም። ለአንቺ ስነግርሽ አፌ ይፈታል፤ ምናልባት ለዚያ ይሆናል። አሁን ሁሉንም ተናገርኩት፤ አንዴ የተናገርኩትን ደግሜ መናገር አያቅተኝ ይሆናል።

ስለዚህ እንዲህ ላደርግ ነው። ላስቲኮቹን፣ ደረቅ ሸሚዝና አንድ ማሰሮ ንጹህ ውሃ ይዤ እወጣለሁ። ደብዳቤውን በመንገዴ ሳጥኑ ውስጥ እከተዋለሁ። ከዚያ እርሻው ውስጥ ገብቼ አጎቴ ሆባርት ፊት፣ ላስተር ፊት እናገራለሁ። «ያመመው ማቆሙ አይደለም፣ ቅጠሉ ነው። አውጡት፣ እጠቡት፣ ሐኪም ጋ ውሰዱት» እላለሁ። ቢስቁም እስኪጨርሱ ቆሜ እጠብቃለሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የቀረው ፓኮ አጎቴ ሆባርት ኪስ ውስጥ ነው፤ ሲደነግጥ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ታውቂያለሽ። እኔ ሳልደርስ አባዬ አፍ ላይ አድርጎበት ቢሆን፣ አንቺም መጥተሽ በር ላይ ጭስ ቢሸትሽ፣ ወደ ኋላ አትመለሺ። ራሱ አይደለም ያደረገው። እሱ ካፖርትሽን ነው ያሸተተው። ዝም ብለሽ ግቢ።

ፖስተኛው ከድልድዩ ወዲያ ሲመጣ ሞተሩ ይሰማኛል። እግዚአብሔር ትንፋሽሽን ሰፊ ያድርግልሽ፣ እማዬ። የቤታችንን ደጃፍ በእግርሽ ለመርገጥ ያብቃሽ። አክስቴ ማቭሪንን ሳሚልኝ።

ልጅሽ ዊላዲን

ደብዳቤውን ላጥፈው ስል ቀና አልኩ። ሁለት ባርኔጣ ነው ያለው። አባዬ ጎንበስ ብሎ ይሆናል፤ አገዳ ሲቆርጥ ሰው ይጎነበሳል። ቀና እስኪል እየጠበቅኩ ይህን ጻፍኩ። አጎቴ ሆባርት እርሻ ውስጥ ባርኔጣውን አውልቆ አያውቅም። አሁን አወለቀ።

ሄድኩ። ከዚህ ጀምሮ እየጮህኩ ነው የምሮጠው። እዚያ ድረስ የማታውቂው ድምፅ ከተሰማሽ እኔ ነኝ።